አራስ ብቻዋን አትተውም

ባሌ ከልደት እስከ ጥምቀት ድረስ ቤታችን ውስጥ አራስ አለች ብሎ የሚኖር ሰው ነበር። አራሷ እመቤታችን ናት። የምትተኛውም እንግዳ በምንቀበልበት ክፍል፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የወረቀት ሥዕል ውስጥ ነው። ልጇን ታቅፋለች። ሕፃኑ በእጁ መጽሐፍ ይዟል። እኔ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ በዚያ ዕድሜ መጽሐፍ የሚይዝ ልጅ አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህን አንድ ቀን ለባሌ ብነግረው «ያንች ተማሪዎችና እሱ አንድ ናቸው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁበትም።

ሌላ ጊዜ ሥዕሉ በመጋረጃ እንደተሸፈነ ይከርማል። የልደት ዕለት ጠዋት መጋረጃውን ይከፍትና ሦስት ጊዜ ይሰግዳል፤ የአራስ ቤት ሕግም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይጸናል። በር በኃይል አይዘጋም። ሬዲዮ ዝቅ ይላል። ከፀሐይ የገባ ሰው አረፍ ሳይል ወደዚያ ክፍል አይዘልቅም። ባሌ ጠዋት ጠዋት ጫማውን አውልቆ ይገባና «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። ሲወጣ ጀርባውን አይሰጥም፤ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የሚወጣው። አንድ ዓመት እንዲህ ሲወጣ በርጩማ ጠልፎት በጀርባው ወደቀ። ድምፅ አላሰማም። እንደ ተንጋለለ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እኔን ዝም አሰኘኝ።

ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ቤት ውስጥ አራስ አለች፣ ቀስ በሉ» ይል ነበር። ይህን የሰሙ አንዲት የሩቅ ዘመዱ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ይኸው አባባል ራሱ ባሌን ያስጨንቀው ነበር። ለወለደች ሴት ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ እንላለን፤ ማርያም ራሷ ስትወልድ ምን ይባላል? ሁለት ቀን ካሰበበት በኋላ «እንኳን ደስ አለሽ ብቻ ነው የሚባለው» ብሎ ወሰነ። እኔም በዚሁ ተስማማሁ።

በአገራችን ከአራስ ራስጌ ብረት አይጠፋም፤ ቢላም ቢሆን፣ ማጭድም ቢሆን። እሱም ከሥዕሉ ሥር ሰንጢውን አጥፎ ያስቀምጥ ነበር። እግዚአብሔርን ከማን ልትጠብቀው ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ከሄሮድስ» አለኝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ነው። ይህ የሱ ፈጠራ አይደለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያውቀው ነው። በእነዚያ ቀናት ወይ እሱ ወይ እኔ ቤት እንውላለን። አብረን ገበያ አንወጣም። ለቅሶ ቢኖር በየተራ ነው የምንደርሰው። ጎረቤቱ ሃይማኖቱ የጠነከረ ነው ይለዋል። እኔ ደግሞ ሕፃን ይወድ ነበር እላለሁ። እኛ ያሳደግነው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው፤ እሷንም አሳድጌ ጨረስኩ ብሎ አያውቅም። ውጫሌ ከተዳረች በኋላ እንኳ በላሽ ወይ ብሎ ይደውልላት ነበር።

ባለፈው ሰኔ ሞተ። ደረቴን አለ፤ ደሴ ወሰድነው። የተሰጠውን ፎርም ራሱ ሞላ፣ ጽሕፈቱም ያምር ነበር። በአምስተኛው ቀን አስከሬኑን ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ አመጣነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ከል ለበስኩ፤ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ከሉ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ማለትም እስከሚመጣው ሰኔ።

የቀን ነገር የሱ ሥራ ነበር። በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዲቁና ተቀብሎ ነበር። በኋላ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ቢያረጅም የበዓላቱን ቆጠራ አልረሳም። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በዓል በምን ቀን እንደሚውል እሱ ይነግረኛል፤ እኔ እጾማለሁ፣ እኔ እፈታለሁ። ዘንድሮ ራሴ ቆጠርኩ። ልደት ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ይህን የሚስት ክርስቲያን የለም። ጳጉሜን ስድስት ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት በሃያ ስምንት ይውላል። የማላውቀው ሆኖ አይደለም። በአራት በአራት ዓመቱ ሲነግረኝ ኖሯል። ሲነግሩ መስማትና ራስ ቆጥሮ ማግኘት ግን ለየብቻ ናቸው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ማሕሌቱ ሲሰማኝ ነገ ሃያ ስምንት ነው፣ ወርሃዊው አማኑኤል ነው ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። ረፋድ ላይ ሽሮዬን አቅርቤ ስቀመጥ ጎረቤቴ በቅል እርጎ ይዛ ገባች። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ላምና ዶሮ ታረባለች። በዓል በመጣ ቁጥር አንዳችን ለሌላችን የምንልከው ነገር አይጠፋም። ገበታዬን አየችው።

«ምነው እቴ፣ በገና ሽሮ?»

«ገና ነገ ነው።»

«ከተማው በሙሉ አርዶ ደሙን እያጠበ ነው። አንች ነገ ትያለሽ።»

በምን አወቅሽ ብላት ዶሮዎቿ ማለቃቸውን ነገረችኝ። ገናን የምታውቀው በዚያ ነው፤ ተሳስታም አታውቅ። የነቢያትን ጾም በቅል እርጎ ፈታሁ። ባሌ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። ምናልባት እርጎው ጥሩ ነበር ወይ ይለኝ ነበር።

መጋረጃውን ልከፍት ስነሳ ስልኬ ጮኸ። የልጄ ባል ነው፣ ከውጫሌ። ልጄ ሌሊት ወልዳለች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። እልል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጉሮሮዬ ከሰኔ ጀምሮ ለሌላ ነገር ሲያገለግል የቆየ ስለሆነ የወጣው ድምፅ ጎረቤቴን አስደንግጦ ከመቀመጫዋ አስነሳት። ነገ እመጣለሁ አልኩት። ጉሮሮውን ደጋግሞ ከጠራረገ በኋላ እናቱ አንድ ነገር ማለታቸውን በትሕትና ነገረኝ። እናቱ ልጄን ሊያርሱ ከአምባሰል ደጋ የወረዱ ባላገር ናቸው። ከል የለበሰ ሰው አራስ ቤት አይገባም፣ ሐዘኑ በሕፃኑ ላይ ይወድቃል ብለዋል። ከሉን ካወጡ ግን ዛሬውኑ ይምጡ ብለዋል።

ነገሩ ግልጽ ነው። ከሉን ባወጣ የልጄን ልጅ አያለሁ፣ ባሌን ግን ከመንፈቁ ብዙም ሳይርቅ አሰናበትኩት ማለት ነው። ባላወጣ ልጅቱ ስድስት ወር ሊሞላት ሲል አያታለሁ፤ ሐዘን በልብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። በልብ ያለውን ማን ያየዋል? ለባሌ ላደርግለት የቀረኝ የሚታይ ነገር ይኸው ልብስ ነበር። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሰባት ወር ይዤ ብቀርብ ዓመት ነው ብሎ የሚቀበለኝ አይመስለኝም።

መጋረጃውን ከፈትኩና ቆምኩ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያዘጋጀሁት አቤቱታ ነበረኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ በቅደም ተከተል ነው ያዘጋጀሁት። ልደት ይምጣና ከሥዕሉ ፊት ቆሜ አሰማለሁ ብዬ ነበር። መጋረጃውን ስከፍት ያገኘሁት ግን ሕፃን ነው። አውቀው ነበር፣ ግን አላሰብኩበትም። ለሕፃን አቤቱታ አይቀርብም። አይሰማም ማለቴ አይደለም፤ ሁሉን እንደሚሰማ ተምሬያለሁ። አፉን ያልፈታ ልጅ ፊት ቆሞ ባሌን ለምን ወሰድህብኝ ማለት ግን ነውር ነው። እሱም ገና መምጣቱ ነው። ብርድ ላይ ነው። ጥር አሥራ አንድ ሲሆን በአንድ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ሰው ሆኖ ዮርዳኖስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ እጠይቀዋለሁ ብዬ ሰግጄ ወጣሁ። ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው የወጣሁት። በርጩማውን አስቀድሜ አንስቼው ነበር።

በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። እንዴት አደራችሁ አልኩ፤ ለባሌ የሚቀርበውን ያህል አልቀረበኝም፣ ግን አልኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሕፃኑን አየሁት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ቀኑ እየጨመረ ሲሄድ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው አራስ ሊጠይቅ ሲሄድ ከሕፃኑ የሚፈልገው የለም። ያየዋል፣ ማንን ይመስላል ይላል፣ ገንፎውን በልቶ ይሄዳል። እረኞቹም ከዚህ የተለየ አላደረጉም፤ መጡ፣ አዩ፣ ተመለሱ። ስግደት ትልቅ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለዚህኛው ስግደት ግን መቀመጥና ዓይንን አለማንሳት ይበቃል። ከሰኔ ወዲህ ምንም ሳልለምን የተቀመጥኩበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ሰብአ ሰገልን ግን አሰብኳቸው። ወርቅና ዕጣኑስ ይሁን። ከርቤ ለሬሳ የሚሆን ነገር ነው፤ አራስ ቤት ይዞት የሚሄድ ማን ነው? የአማቼ እናት በሩ ላይ ቢኖሩ ኖሮ ሦስቱም ከውጭ ነበር የሚመለሱት።

ማታ ማታ ራት ሳቀርብ ወንጌሉን አነባለሁ። ይህም የባሌ ሥራ ነበር። ከልደቱ ይጀምርና ሕፃኑን ወደ መቅደስ እስከወሰዱበት፣ ሽማግሌው አቅፎ እግዚአብሔርን እስካመሰገነበት ድረስ ያነባል፤ እዚያ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል። ሁልጊዜ እዚያው ነው። ቀጥሎ ያለውን አንድም ቀን አንብቦልኝ አያውቅም። ዘንድሮ የማነበው እኔ ስለሆንኩ አላቆምኩም። ከሽማግሌው ቀጥሎ አንዲት መበለት አለች። ከባሏ ጋር የኖረችው ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ ሰማንያ አራት እስኪሞላ ከመቅደስ አልተለየችም። ሕፃኑ በገባበት ሰዓት መጣችና አየችው። ምን ለብሳ እንደመጣች አልተጻፈም። ገጹን ገልብጬ ፈለግሁ፤ የለም። በር ላይ ያስቆማት ስለመኖሩም አልተጻፈም።

ልጄ በየቀኑ ትደውላለች። ልጅቱ ዛሬ ዓይኗን ገለጠች፣ ዛሬ በደንብ ጠባች ትለኛለች። ስለ ከሉ አላነሳችብኝም፤ አማቷን ማስቀየም አትፈልግም፣ እኔንም ማስገደድ አትፈልግም። መቼ ትመጫለሽ ብቻ ትላለች። ጥር በገባ በስድስተኛው ቀን፣ የግዝረት ዕለት ስትደውል እኔም የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ቤት ውስጥ አራስ አለችኝ፣ አባትሽ ደግሞ ብቻዋን ትቷት አያውቅም፣ ዘንድሮ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኳት። ይህን ስናገር ትክክል የሆነ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።



«እማ» አለች፣ «እኔስ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ሳየው ቆየሁ። ከሥዕሉ በኩል የመጣ አስተያየት አልነበረም።

ከሁለት ቀን በኋላ ነገሩን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ስፌቷን ይዛ ደጄ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሉ ስንት ወር ይቀረዋል አለችኝ፤ አምስት አልኳት። አክርማዋን ምራቋን እየቀባች ትንሽ አሰበች።

«እኛ ኢዳችን፣ የባል ሐዘኑ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው» አለች። «እናንተ ዓመት። የናንተ ባሎች ይበልጣሉ ማለት ነው?»

«የኔ ይበልጥ ነበር።»

«አላህ ይዘንለት፣ እሱስ እውነት ነው» አለች። «ለኔው አራት ወሩም በዝቶበታል።»

ከዚያ በኋላ ከሉን እንዳወጣም እንዳላወጣም አልመከረችኝም። የምታውቀው ልጄ በወለደች በአሥራ አንድ ቀኗ እናቷን አለማየቷን ነው። ነገ ውጫሌ ሂጅ አለችኝ። አራሷንስ አልኳት፤ እያሾፍኩ አልነበረም፣ እሷም አላሾፈችብኝም።

«መርየም የኛም ናት» አለች። «እኛ ዘንድ ስትወልድ ብቻዋን ነበረች፣ ከተምር ዛፍ ሥር። ያኔ የደረሰላት ሴት የለም። እኔ እውልላታለሁ። ሥዕል ማየት ግን አይሆንልኝም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።»

በቤታችን ለሥዕሉ ጀርባ የሰጠ ሰው አልነበረም። ተስማማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስፌቷን ይዛ መጣች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ገባችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ወደ ጓሮ መውጣት ቢያስፈልገኝስ?»

«ሰንጢው አለ» አልኳት።

ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከሉን እንደ ለበስኩ ነው። በቦርሳዬ ቅቤ፣ አብሽና አንድ ነጭ ነጠላ ነበር። ነጠላውን መያዜ መወሰኔ አልነበረም፤ መንገድ ላይ እወስናለሁ ብዬ ነው። ከሐይቅ ውጫሌ ግን መንገዱ ያን ያህል አይደለም። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ብለው ሁለት ተሳፋሪዎች ሲከራከሩ ቆዩና ሳይስማሙ ደረስን።

የአማቼ እናት ከቤት ወጥተው ተቀበሉኝ። አቅፈው ሳሙኝና ስለ ባሌ አለቀሱልኝ፤ በወጉ፣ ሳይቸኩሉ። ሲጨርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ስለ ከርቤው የምለው ነገር ነበረኝ። ከመንደሩ እስከ መናኸሪያው አሰካክቼዋለሁ።

«አይቀየሙኝ እትዬ» አሉ። «እኔ ሦስት ቀብሬ ነው ይህን የማውቀው። የመጀመሪያዬን ስወልድ እናቴ ለወንድሟ ከል ለብሳ ነበር፣ አቀፈችልኝ። ልጁ ወር አልሞላውም።»

ስለ ከርቤው አልተናገርኩም። ከውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። ቀጭን ድምፅ ናት፤ ልታቆም ስትል እንደገና ትጀምራለች። የልጄ ድምፅ እሹሩሩ ሲል ተሰማኝ፤ ደክሟታል። ማድቤቱ የት ነው አልኳቸው። በእጃቸው አሳዩኝ።

ማድቤት ገብቼ ሻሹን ፈታሁ፣ ጥቁሩን ነጠላ አጠፍኩ፣ ቀሚሱን አወለቅሁ። ሁሉንም ከገንዳው ጎን አስቀመጥኩ። ከሥር የለበስኩት የባሌን ግራጫ ሹራብ ነበር፤ ከጉርዴ በላይ እስከ ጭኔ ይደርሳል። ከሰኔ ጀምሮ ከከሉ ሥር እለብሰው ነበር። ለብርዱ ነው እያልኩ ነው። በክረምቱም ለብርዱ ነው፣ በመስከረም ፀሐይም ለብርዱ ነው። አጥቤው አላውቅም። አንገቱ አካባቢ እሱን እሱን ይል ነበር፤ ሳሙናውንና ትንሽ የላብ ነገር።

ነጩን ነጠላ ደርቤ ወጣሁ። የአማቼ እናት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ነጠላውን በጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

«ይኸስ?»

«የአባቷ ነው።»

ሹራቡን ወደ ብርሃን ሳብ አድርገው ቀለሙን አዩት። አገላብጠው አዩት። ለምን ብዙ ጊዜ እንደፈጀባቸው ገብቶኛል፤ ሰው ሦስት ቀብሮ በችኮላ አይፈርድም።

«ጥቁር አይደለም» አሉ። መጋረጃውን ራሳቸው ገለጡልኝ።

ልጄ ከስታለች። አንገቴን አቅፋ ፊቷን ሹራቡ ውስጥ ቀበረችና ብዙ ቆየች። ምን እንደምታሸት አውቄያለሁ። ከዚያ ልጅቱን ሰጠችኝ። ለአሥራ ሁለት ቀን ሕፃን ማየት ለምጄ ስለነበር ምን ላድርግ አላልኩም፤ ተቀመጥኩና አየኋት። ግንባሯ የተጨማደደ ነው። እጇ ባዶ ነው። ከኔ የምትፈልገው ሙቀት ብቻ ነበር፤ ከሷ የምፈልገውም አልነበረኝም። አቤቱታዬ የት እንደ ደረሰ ለጊዜው አላሰብኩትም።

ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ሳደርጋት የጠባችውን በሙሉ አንገቴ ላይ አስመለሰች። ወተቱ በሹራቡ አንገት ገብቶ ወደ ደረቴ ወረደ።

«እማ፣ ሹራቡ» አለች ልጄ፤ እጇን ዘረጋች፣ ግን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም።

«ትተፋ» አልኩ።

ስመለስ ከሉን ከላዩ ለበስኩ። የአማቼ እናት ቀሚሱን ራሳቸው ይዘው ማድቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ፤ ቁልፉንም ቆለፉልኝ። ከጥምቀት በኋላ ይመለሱ አሉኝ፤ እንደ ዛሬው ከሆኑ በሩ ክፍት ነው አሉ። ሐይቅ ስደርስ ጎረቤቴ እንደ ተቀመጠች ነበረች። ደህና ውለዋል፣ ድምፅ አላሰሙም ብላኝ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በማግስቱ ከተራ ነው። ጠዋት ሹራቡን አወለቅሁና አንገቱን አሸተትኩ። የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። ከወተቱ ሥር እሱን ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ደግሜ ስፈልገው ወተት ነው። ጎረቤቶች ነጭ ለብሰው ታቦታቱን ሊያጅቡ ይወጡ ነበር። ባልዲ ሞላሁ፣ ሳሙና ፈተግሁበት፣ ሹራቡን ነከርኩት። ውሃው ጠቆረ። ደፋሁት። ሁለተኛውም ትንሽ ጠቆረ፤ እሱንም ደፋሁት። ሦስተኛው ጠራ። አንዴ ደግሞ አለቀለቅሁት፤ የቀረ ሳሙና የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል።